የሰሙት ሁሉ

«ሚጡ፣ ትናንት ጠዋት ስትወርጂ ምንም አልሰማሽም?»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የጠየቋት አልጋቸው ላይ ተደግፈው ነው። ሊፍቱ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቆልፎባቸው በሩን ሲደበድቡ የቆዩበት እጃቸው አብጦ በፋሻ ተጠቅልሏል። መቼ መርፌ እንደሚይዙ ሐኪሙም አላወቀም።  የሚጡ እናት ቀድማ፣ «እሷማ ለፈተና ስትሮጥ ምኑን ትሰማለች እትዬ!» አለችላት።

ሰምታለች እንጂ። በደረጃው ስትወርድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሊፍቱ በር ጀርባ ዷ፣ ዷ፣ ዷ የሚል ድምፅ ነበር። የሕንፃው ልጆች በሩን እየመቱ መሮጥ ልማዳቸው ነው። ቢሆንም ቆም አለች። ያኔ የአምስተኛ ፎቁ ቲቸር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ደረሱ። በሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩና አለፉ። ትልቅ ሰው ካለፈ ምንም አይደለም ማለት ነው ብላ ተከተለቻቸው። የግቢው በር ላይ የጥበቃው ወንበር ባዶ ነበር። እሱንም አይታ አለፈች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነዋሪው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ወረቀት ዘርግቶ፣ «ጥበቃው የሥራ ቦታቸውን ጥለው በመሄዳቸው ይሰናበቱ የምትሉ ፈርሙ» አለ።

«በሩን ፈልቅቀው ያወጧቸው እኮ እሳቸው ናቸው!» አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ። «ባልና ሚስት ሲጣሉ በግድግዳ የምትሰሙ ሰዎች፣ ይሄን ሁሉ ድብደባ ሳትሰሙ ቀራችሁ?»

ሰብሳቢው ወደ ጥበቃው ዞረ።

«እስኪ ጋሼ፣ የት ነበሩ?» አለ።

«መልእክት ነበረብኝ» አሉ ጥበቃው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። የማን መልእክት እንደሆነ አልተናገሩም።

ሚጡ ግን ታውቃለች። ያን ጠዋት እናቷ፣ «ጋዝ አልቆብኝ ጉድ ሆኛለሁ፤ ሲሊንደሯን ያስሞሉልኝ ጋሼ» ብላ ለምናቸዋለች። ሚጡ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ የነጠላ ጫማዋን ጫፍ ታያለች። ጥበቃውም ወደ እነሱ ላለማየት የሕንፃውን ጣሪያ ያያሉ።

አሁን እናገራለሁ፣ አለች ሚጡ በልቧ። ብዕሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ይሄ ሰውዬ ከፈረመ በኋላ። ቲቸር ፈረሙ። ከቲቸር በኋላ። ብዕሩ ዞሮ ሰብሳቢው እጅ ገባ።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሄድኩ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? የልጅ ነገር!» አለ ሰብሳቢው።

«ቲቸርም ነበሩ።»

የቲቸር ፊት ልውጥውጥ አለ። «አንቺ ዝም ብለሽ ቆመሽ ሳይ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ እኮ ነው። ምንም አልደነገጥሽም!»

«እኔም እርስዎን አይቼ ነው።»

አንዱ ከኋላ ሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ሚጡ ቀጥላ ልትናገር ስትል የእናቷ እጅ ክንዷን ጨበጠ። ዝም በይ የሚላት መስሏት ነበር። እናቷ ግን ክንዷን እንደ ምርኩዝ ይዛ ተነሳች።

«የላክኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው አፍረው ነው እንጂ… ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይሄን ቀደም ብላችሁ አትሉም? ፊርማው ሞልቷል» አለ። ስሜን ሰርዙልኝ ያለ አልነበረም። ቲቸርም አላሉም።

በወሩ መጨረሻ በሩን የከፈቱት ሰው ሄዱ። የሰሙት ሁሉ ቀሩ።