የጭቃ ቤቱ አህያ

ዓለምነህ ሞቶ የተገኘው መርሳ ውስጥ፣ ስቱዲዮ ባደረጉት አሮጌ የእህል መጋዘን ወለል ላይ ነው። ጭንቅላቱን የመታው ትርፍ የካሜራ ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ደሙ ጠረጴዛው ላይ የተሠራችውን የጭቃ መንደር ነክቷታል፤ በመንደሯ መንገድ ላይ አንዲት የጭቃ አህያ ቆማለች።

«ጭቃ ቤት አኒሜሽን»ን ያቆሙት አራት ጓደኛሞች ናቸው። ሰርግ እየቀረጹ ካሜራ ገዙ። ጦርነቱ ሲመጣ አሻንጉሊቶቻቸውን በጆንያ ተሸክመው ወደ ግራና ከተማ ሸሹ። ልብሱን ትቶ ጭቃ ይዞ የሚሰደድ ሰው አይታችኋል? እነዚህ አደረጉት! ዓለምነህ ግን የመጀመሪያውን ረጅም ፊልማቸውን ለአንድ የአዲስ አበባ ኩባንያ አሳልፎ ሰጠ፤ በፊልሙ ላይ የሚወጣውም የእሱ ስም ብቻ እንዲሆን ተስማማ። ዛሬ ክህደትን «ስምምነት» ብሎ መጥራት ሥልጣኔ ሆኗል።

ዓለምነህ በሞተበት ዕለት ጠዋት የድምፅ ባለሙያው አሚር «እገድልሃለሁ!» ብሎ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ታሰረ። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ከማቅረቡ በፊት ከወልድያ የተላከችው ኢንስፔክተር ሸዋዬ ግን ለቀናት ታሽጎ የቆየውን መጋዘን ማየት ፈለገች።

«አሚር አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም» አለች አሻንጉሊት ሠሪዋ ኤደን። «በግ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው!»

«ሬሳውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ። አህያዋን ነካሻት?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እኔ ሠርቼ አስረክባለሁ። የምትራመደው በንጉሴ እጅ ነው። ሌላ ሰው የያዘውን አሻንጉሊት መንካት እዚህ ቤት ነውር ነው፤ አንዴ ከተዛነፈ የቀኑ ሥራ ገደል ገባ።»

አሻንጉሊት አንቀሳቃሹ ንጉሴ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ፎቶ አነሳለሁ፣ በትንሹ አንቀሳቅሳታለሁ፣ ደግሜ አነሳለሁ። ፎቶዎቹ ሲቀጣጠሉ ትሄዳለች።»

«የመጨረሻውን መቼ አነሳህ?»

«ለምሳ ስወጣ። ዓለምነህ ደህና ነበር። አልተመለስኩም።»

«ካነሳህ በኋላ አላንቀሳቀስካትም?»

«በምን ጊዜዬ? እንዳለች ትቻት ወጣሁ።»

ሸዋዬ ጎንበስ ብላ የአህያዋን እግሮች አየች። ካሜራው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ፎቶ ተመለከተች። አህያዋን በስልኳ ፎቶ አነሳቻት።

በማግስቱ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። አሚር በካቴና መጣ። ሸዋዬ በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ ክርኗ አህያዋን ገፍቶ ጣላት።

ማንም ሳይተነፍስ ንጉሴ ተስፈንጥሮ አነሳት። የፊት ቀኝ እግሯን ዝቅ፣ የኋላ ግራ ጉልበቷን አጠፍ አድርጎ አቆማት።

«ተመስገን፣ አልተሰበረችም» አለ።

«እጅህን እንድታሳየኝ ብዬ ነው የጣልኳት» አለች ሸዋዬ። «ከሰኮናዋ ሥር ደም ነበረ። ዓለምነህ ሲመታ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ የረገጠችው ቦታ ንጹሕ በሆነ። ስለዚህ እሱ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ጥሏታል፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሰው አንስቷታል።»

«ማንም ሊያነሳት ይችላል!» አለ ንጉሴ።

«ማንም ቢያነሳት ቀጥ አድርጎ ያቆማት ነበር። በመጨረሻው ፎቶህ የፊት ቀኝ እግሯ ከፍ ብሏል። እዚህ ያገኘኋት ግን ቀጣዩን እርምጃ ጀምራ፣ ያውም በኋላ ግራ እግሯ እያነከሰች፤ ቀጣይ እርምጃዋን የሚያውቅ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደግሞ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ አልነካኋትም፣ አልተመለስኩም አልክ።» ስልኳን አህያዋ አጠገብ አስቀመጠች። በስልኩ ያለችውና አሁን ያቆማት አህያ አቋማቸው አንድ ነበር። «ሰው ገድለህ፣ የወደቀች አሻንጉሊት ጥለህ መሄድ አልቻልክም።»

ንጉሴ ጠረጴዛውን ተደገፈ። «‹ስማችንስ?› አልኩት። ‹ጭቃ አቡኪ ምን ስም አለው?› አለኝ። ሳቀብኝ።»

ኤደን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሸዋዬ የአሚርን ካቴና ፈታች። አሚር አንጓውን እያሻሸ ንጉሴ ፊት ቆመ።

«ጣቢያ ድረስ ሽሮ ታመላልስልኝ ነበር» አለ። «‹አይዞህ ወንድሜ፣ እውነቱ ይወጣል› እያልክ።»

ንጉሴ አህያዋን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረጋት።

«ወላሂ፣ ዓለምነህ የወሰደብኝ ስሜን ነው። አንተ ግን አንገቴን ለገመድ ሰጥተህ ታጎርሰኝ ነበር።»