ገደል ውስጥ የቆመው ሰዓት

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አንዱን ልጃቸውን ቅዳሜ ቀብረው፣ ሰኞ ጠዋት ሁለተኛውን ፍለጋ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተቀመጡ። ዘበኛው እንዲነሡ ቢለምናቸው አልሰሙትም። ኢንስፔክተር አርሴማ ከዓመት ፈቃድ የተመለሰችው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ገና በሩን ከመርገጧ አሮጊቷ እጇን ለቀም አደረጓት።

«ነገር የምታዪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ምን ሆነዋል እማማ?»

«አማረን ቀበርሁ። ይሄይስን ደግሞ ወንድሙን ገደለ ብለው አሰሩብኝ። ነገ ፍርድ ቤት ያቆሙታል። ልጄ፣ አንዱን አፈር በላብኝ፤ ሌላውን እናንተ አትብሉብኝ!»

ልጇ ንጹሕ ያልሆነ እናት የለችም፤ አርሴማ ይህን ስትሰማ ነው የኖረችው። የእኒህ ግን ከሌላው ይከፋል። ሟቹም የእሳቸው፣ ታሳሪውም የእሳቸው ነው፤ ማን በማን ላይ ይፍረድላቸው? እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ገባች፤ ሆዷ ግን በሩ ላይ ቀረ።

ሳጅን ገዳሙ ነገሩን ያለቀለት አድርጎ ነው የጠበቃት።

«አማረ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። ዓርብ ጠዋት ለልምምድ በሮብ ገበያ መንገድ ወጣ፤ ማታ አልተመለሰም። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ገበሬዎች ገደል ውስጥ ሞቶ አገኙት። ብስክሌቱ ግን ከላይ፣ አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ጭረት እንኳ የለውም።»

«እንግዲያው አልወደቀም፤ ተገፍቷል።»

«ተገፍቷል። ግራ እጁም ሰዓቱ ባለበት ዙሪያውን ተቧጭሯል።»

ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። እንዲህ ያለ ሰዓት በደብረ ማርቆስ ከተማ ሁለተኛ አይገኝም፤ ከባድ፣ የብረት ማሰሪያው የሚያብለጨልጭ፣ ስሙ የገነነ የውጭ አገር ሥራ ነው። አምና አንድ ፈረንጅ ብስክሌተኛ ከጮቄ ሲወርድ ተገለበጠና ሰዓቱም እሱም ተሰበሩ። አማረ ሆስፒታል አስታመመው፤ ፈረንጁም ሲሰናበት የተሰበረውን ሰዓት ከእጁ አውልቆ ሰጠው። የአማረ ወንድም ይሄይስ ሰዓት ጠጋኝ ነው። መስተዋቱን በልኩ ቆርጦ፣ የጎበጠችውን ዘንግ አቅንቶ፣ የጠፋውን ከሌላ አሟልቶ፣ ስንት ወር ሲታገለው ከርሞ ያስረከበው ባለፈው ሐሙስ ነበር። ይኸው በማግስቱ እንደገና ደቀቀ።

«ስንት ላይ ነው የቆመው?» አለች አርሴማ።

«ትንሿ ዘንግ ስድስትን አለፍ ብላለች። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ አመሻሽ ላይ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ይሄይስ ከዚያው መንገድ ብቻውን ሲመለስ ታይቷል። ሐሙስ ዕለትም ሰዓቱን ሲያስረክበው ‹ዳግመኛ ቢሰበር እገድልሃለሁ› ሲል ደንበኞቹ ሰምተዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኼ ነው። የወንድም ቀልድ፣ ወንድም ሲሞት ቀልድነቱ ይቀራል።

ይሄይስ በሁለት ቀን ውስጥ አርጅቶ ቆያት።

«ዓርብ ማታ እዚያ መንገድ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሊመሽ ሲል አልመጣም። እማ አላስቀመጠችኝም። ሱቄን ዘግቼ ስሙን እየጠራሁ ሄድሁ። ለካ ከሥሬ ተኝቶ ነው ስጣራ የነበረው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነበርሁ። ሰው ሞልቶብኝ ቀና አላልሁም።»

«ሰዓቱ በትክክል ይሠራ ነበር?»

«እስከ ደቂቃዋ! የሞላሁትም እኔ ነኝ።»

ገዳሙ ከበሩ ሆኖ አርሴማን አየት አደረጋት፤ ሰውየው በገዛ ምላሱ ታነቀ ማለቱ ነው። እሷ ግን ሌላ ጠየቀች።

«ማሰሪያው ለአማረ እጅ አልሰፋም?»

«በጣም እንጂ። አማረ እጁ ቀጭን ነው። ላሳጥርልህ ብለው ‹አትንካው፤ ለባለቤቱ ልክ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ጉራ መስሎኝ ተናደድሁ። በተናደድሁበት ተለያየን እኮ፣ ኢንስፔክተር!» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሰዓቱን የተመኙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ነጋዴው ወልደ ሩፋኤል ነው፤ ሽጥልኝ እያለ አማረን መውጫ መግቢያ አሳጥቶት ነበር። እሱ ግን ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ይጁቤ ገበያ ውሎ እዚያው አድሯል፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ያላየው እንኳ ሰምቶታል። ሁለተኛው ታረቀ ነው፤ የአማረ የልምምድ ጓደኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ወፍራም ጎልማሳ። አርሴማ ያገኘችው ጎማ ሲለጥፍ ነበር።

«ዓርብ ዕለት አይተኸዋል?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ግድም። እኔ ስወርድ እሱ ሲወጣ ተገናኘን።» እንባው ቀደመው። «የመጨረሻችን መሆኑን ማን አወቀ? ቆመን ቆሎ ሰጠኝ፤ አብረን በላን። ከዚያ እኔ ሳይመሽ ከተማ ገባሁ። ጓደኞቼን ይጠይቋቸው።»

«ቆሎውን ከየት አመጣው?»

«ከኪሱ ነዋ። እናቱ የሚቋጥሩለትን።»

ጓደኞቹን ጠየቀች። እውነት ነው፤ ታረቀ ፀሐይ ሳትጠልቅ አብሯቸው ነበር። እንባውም የውሸት አልነበረም። ይህ ሁሉ ነገሩን ይሄይስ ላይ አጠበቀው፤ አርሴማም ለእኒያ እናት ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጨነቃት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የይሄይስን ሱቅ ከፈቱላት። ተጠግነው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ሰዓቶች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ይቆጥራሉ። አርሴማ ስልኳን አወጣች፤ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ስልኳ ላይ ግን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የተጻፈው አራት ነው። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ስልኳን፤ ከዚያ እንደገና ግድግዳውን።

«ተበላሽተው ይሆናል» አለ ገዳሙ።

«ሁሉም? በአንድነት፣ እኩል በእኩል?»

አርሴማ የሟቹን ዕቃ የያዘውን ከረጢት አስመጣችና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው፤ መሐረብ፣ ቁልፍ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ። እናትየው ቋጠሮውን ሲያዩ አፈፍ አደረጉት።

«እኔ የቋጠርሁት ነው! አልፈታውም! ልጄ እንደተራበ ሞተ!»

አርሴማ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። «እርግጠኛ ነዎት? ፈትቶ መልሶ ቋጥሮት ቢሆንስ?»

«የሱን ቋጠሮማ አውቀው የለ? ጫማውን እንኳ አሥሮ የማያጠብቅ ልጅ! ይህ በክር ዞሮ የተሰፋ ነው፤ እንዳይፈስበት ሁሌም እንዲህ ነው የማደርግለት።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የሚበላው?»

«ሁዳዴ አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ዘጠኝ ካለፈማ ለአፍታ አይታገሥም፤ ሆዱን ይወድ ነበር።» እያለቀሱ ፈገግ አሉ። «ዓርብ ጠዋት ደስ ብሎት ነበር የወጣው። ‹የሰው አደራ አድርሼ እመጣለሁ፣ እማ› አለኝ። የምን አደራ እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

አርሴማ ቋጠሮውን ተቀብላ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሳጅኑን «ነገ ፍርድ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሁሉንም እዚህ አምጣልኝ» አለችው።

ማክሰኞ ማለዳ ጠባቧ ሱቅ ሞላች። ይሄይስ እጁ በካቴና ታስሮ ከራሱ ባንኮኒ ጥግ ቆመ። ወልደ ሩፋኤል የጠፋበትን ሥራ እየቆጠረ አጉረመረመ። ታረቀ ከበሩ አጠገብ፣ እናትየው በይሄይስ ወንበር ላይ ናቸው።

«ሳጅን፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ስንት ይላሉ?»

«ትንሿ ዘንግ ሁለት ላይ ናት።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት...» ብሎ ቀጥ አለ።

«አየህ? አንተ ሰዓትህን የምትሞላው እንደ ስልክህ ነው፤ ዘንጓ ስምንት ላይ ሆና አንተ ሁለት ትላለህ። ለምደኸዋልና አይታወቅህም። ይሄይስ ግን የሚጠግነው ለገበሬውም ለቄሱም ነው። ዘንጓን አፍ የሚጠራው ቁጥር ላይ ያውላታል። አይደለም ይሄይስ?»

«ሌላ እንዴት ይሞላል?» አለ ይሄይስ ግራ ገብቶት።

«ልክ ነበር ወይ ብለን ጠየቅነው፤ ልክ ነበር አለ። በማን ልክ ብለን አልጠየቅነውም። አማረ ሲወድቅ ዘንጓ ስድስትን አለፍ ብላ ነበር። ስለዚህ አማረ የሞተው አመሻሽ ላይ አይደለም፤ በቀትር ነው። በቀትር ይሄይስ እዚችው ሱቅ ውስጥ በሰው ተከቦ ነበር፤ ደንበኞቹን ጠይቄያለሁ።»

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ገዳሙ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም።

«ለዚያኛው ብቻ እንደ ፈረንጅ ሞልቶለት ቢሆንስ? የታሳሪ ቃል ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው ቋጠሮው ያስፈለገኝ። አማረ ጾሙን በዘጠኝ ሰዓት ይፈታል። እስከ ማታ ቆይቶ ቢሆን ይህን ቆሎ ይበላው ነበር። የእናቱ ክር አልተበጠሰም። ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም፣ ሳጅን።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «ወልደ ሩፋኤል ይጁቤ ነበር። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ታረቀ። በቀትር የሞተ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አገኘሁት አልህ። ካልተፈታ ቋጠሮም ቆሎ ሰጠኝ አልህ።»

ታረቀ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ። «ሰዓት... ተሳስቼ ይሆናል።»

«ሳጅን፣ ቅዳሜ ስትጠይቀው ሰዓቱ አመሻሽ ላይ እንደቆመ ነግረኸው ነበር?»

«ነግሬዋለሁ» አለ ገዳሙ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«መውጫ በር የከፈትህለት አንተ ነህ። አመሻሽ ላይ ምስክር አለው፤ አማረን በሕይወት አየሁት ካለ ነገሩ ሁሉ ወደ ይሄይስ ይዞራል። አልበቃውም፤ እንዲያምር ብሎ ቆሎ ጨመረበት።»

ታረቀ በበሩ የሚሮጥ መስሎ ነበር፤ ግን በቁሙ ማልቀስ ጀመረ።

«ፈረንጁን የተሸከምሁት እኔ ነኝ! ከዚያ ሁሉ ዳገት እስከ መኪና መንገድ በጀርባዬ! አማረ ብስክሌቶቹን እየገፋ ተከተለን እንጂ አልነካውም። ሆስፒታል ዓይኑን ሲገልጥ ግን እኔ ውሃ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ያየው አማረን ነው። አማረም አንድ ቀን ‹እሱ ነው› አላለልኝም። ዓርብ ሰዓቱን አሥሮ ሳየው አንገበገበኝ። አውልቀው አልሁት። ‹ታች ስንደርስ› ብሎ ሳቀብኝ። እጁን ያዝሁት፤ ተናጠቀኝ፤ ገፋሁት። ይወድቃል ብዬ አላሰብሁም... ወዲያው ነው ገደሉ የዋጠው። ብስክሌቱን ደብቄ ወረድሁ።»

አርሴማ እዚህ ላይ ብታበቃ ሥራዋ አልቆ ነበር። ግን የሚከነክናት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ያለ እሱ ነገሩ እውነት እንደማይሆን ታውቃለች። የደቀቀውን ሰዓት አነሣችና የታረቀን ወፍራም ክንድ ያዘች። ማሰሪያውን አዞረችው፤ ቀጭ ብሎ ገጠመ። አልጠበበም፤ አልሰፋም።

«‹ለባለቤቱ ልክ ነው› ብሎ ነበር ለወንድሙ» አለች ዝግ ብላ። «‹የሰው አደራ አድርሼ እመጣለሁ› ብሎ ነበር ለእናቱ። ለአንተም ‹ታች ስንደርስ› አለህ። የሳቀው ሊያስደንቅህ ብሎ ነው፣ ታረቀ። ያን ሁሉ ወር ያስጠገነው ለአንተ ነበር።»

ታረቀ ክንዱን አየ። ከዚያ እሳት የነካው ይመስል እጁን ከራሱ አርቆ ዘረጋ።

«አውልቁልኝ! ስለ ማርቆስ፣ አውልቁልኝ!»

ገዳሙ ሊያወልቅለት ታገለ፤ መክፈቻውን አላገኘውም። ወልደ ሩፋኤል ሞከረ፤ እሱም አልቻለም። ሰውየው እየጮኸ ነው። አርሴማ የይሄይስን ካቴና ፈታች። ይሄይስ የደነዘዙ እጆቹን አሻሽቶ በሰው መካከል አለፈና የወንድሙን ገዳይ ክንድ ያዘ። መክፈቻውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫን ሲያደርገው ሰዓቱ መዳፉ ላይ ወደቀ። በልማድ ወደ ጆሮው አስጠጋው።

እናቱ ቋጠሮውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቀና አሉ። «ይጠገናል ልጄ?»

«ሰዓቱማ ይጠገናል፣ እማ» አለ።