ቁጥር ሰባት፦ ምድር ትጣራለች

በዚህች ፕላኔት ላይ የእኔን ስቱዲዮ የሚያህል የለም። ድሮ የጎማ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳውን ብርድ ልብስ ባለብሰውም እስከ ዛሬ ጎማ ጎማ ይሸታል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ከአጥር ማዶ ጉንዳን ሲያስነጥስ ሰምቼ «ይማርህ» የምል ሰው ነኝ። ያም ሆኖ እነዚያን ሁለት ልጆች አልሰማኋቸውም።

እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ራፕ ያደርጋል። እሷ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ትዘፍናለች። ሊፍት ተበላሽቶ ስምንተኛና ዘጠነኛ ፎቅ መሃል ተንጠልጥላ ፍርሃቷን በእንጉርጉሮ ስታባብል፣ በሩን ፈልቅቆ ያወጣት እሱ ነው።

«ዜማውን ሳትጨርሺ እንዳትወጪ፣ እዘጋብሻለሁ!»

«የምን ቀልድ ነው? እጄን ያዝ!»

ያዘ። መልቀቁን ግን የረሳው ይመስለኛል።

ብዙም ሳይቆዩ አብረው እኔ ዘንድ መጡ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ የሆነ የሂፕ ሆፕ አልበም ሊሠሩ። ምድር እየሞተች ነው፤ እሱ የመጨረሻዋን የሕዋ መርከብ እየነዳ ይርቃል፤ እሷ ምድር ላይ ቀርታ በሬዲዮ ትጣራለች። መልእክት ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ይቀዳል። አልበሙ ሳያልቅ ማዳመጥ ክልክል ነው።

«ጋሼ፣ አንተም ውጣልን።»

ንጉሥን ከዙፋኑ! ማሽኑን ራሳቸው እየነኩ ተራ በተራ ይገቡ ጀመር።

በዚህ መሃል አባቷ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ሊድሯት ቃል ሰጡ።

«አባዬ ቆርጧል» አለችው ደጃፌ ላይ፣ ጫማዋን እያየች።

መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንቺስ?»

«እኔማ... ዘፈን ቁጥር ሰባትን ልቅዳ።»

ገብታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እሱም ተከትሎ ገባ። ሲወጣ ቆመው ተያዩ።

«ምነው፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት?» አልኩ። በቀልዴ ሬሳ የማስቅ ሰው፣ አንዳቸውንም ፈገግ ማሰኘት አልቻልኩም።

ሄደች። ተዳረች።

አልበሙን ሊጨርስ ብቻውን መጣ። ቁጥር ሰባትን ከፈትነው።

«መርከበኛው፣» ይላል የእሷ ድምፅ፣ «ሕጉን ለእኔ ብለህ ጣስ። ይህን ከሰማህ ቅሪ በለኝ፤ አባቴንም ሰማዩንም እምቢ እላለሁ።»

የእሱ ደግሞ፦ «መሪውን አዙሬያለሁ። ቅሪልኝ፤ እየመጣሁ ነው።»

በዚያው ቀን፣ በዚያው ማይክ፣ ትንፋሿ ገና ሳይበርድ የተቀዳ ነው።

«ቃሌን አከበርኩ እኮ፣ ጋሼ» አለ። «ምነው ቀጣፊ አድርጎ በፈጠረኝ!»

«ደውልላት።»

«የሰው ሚስት ናት።»

ከጥያቄዋ በኋላ ማሽኑን ቶሎ አላጠፋችውም። ቃል የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ትጠብቃለች። የእሱ መልስ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የስንቱን ዝነኛ ትንፋሽ ከዘፈን መሃል ቆርጬ የጣልኩ እኔ፣ ያቺን መንካት አቃተኝ።