ሰሌዳው የማያውቀው ቤት

ሰሌዳው «የአካባቢው የመጀመሪያ ሰፋሪዎች መኖሪያ ቤት» ይላል። ከጀርባው ያለው ቤት ግን ያ ቤት አይደለም፤ ይህን ያወቁት ጋሼ ሲላስም ሞተዋል።

ሬሳቸው የተገኘው ማለዳ፣ በሰው አገር፣ ሌዊስቪል ከተማ በሚገኘው የአማርኛ ቸርች ግቢ፣ ከአሮጌው የግንድ ቤት ሥር ነው። አጠገባቸው መሰላል ተጋድሟል። መርማሪዋ ምሥራቅ ዝናብ ያራሰውን መሬት ጎንበስ ብላ አየች። የሽማግሌው ጫማ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ነበር፤ የመሰላሉ እግር ግን የትም አልሰመጠም።

«አልወደቁም» አለች ለፖሊስ ባልደረባዋ። «መሰላሉ የመጣው በኋላ ነው።»

ከግድግዳው የግንድ ቁራጭ ተፈልቅቋል። የቀረው ግንድ ላዩ ጥቁር ቀለም፣ ውስጡ ነጭ፣ አዲስ ጥድ ነው። የተፈለቀቀው ቁራጭ የለም። በሟቹ ጭንቅላት ላይ ባለው ቁስል ውስጥ ግን ነጭ ስንጥር አለ።

የግቢው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ለሦስቱም ደወለች፤ «ጋሼ ሲላስ ታመዋል፤ ወደ ቸርች ኑ» ብቻ አለች።

መጀመሪያ የቸርቹ ቫን ሹፌር ሐዊ ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ደረሰች።

«እሁድ ከጋሼ ሲላስ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ።»

«ስለ ቫኑ ነው። ማለቴ፣ ለግል ሥራ ነዳሽው አሉኝ። ሶ፣ ታዲያ እኔን ልትወስዱኝ ነው? ዜግነት እንኳ የለኝም። ልጆቼስ?»

እትዬ እታለማሁ፣ የጸሎት ቡድኑ መሪ፣ ጥቁር ሻሽ አስረው ገቡ። «ልጄ፣ እንደ ደወልሽ የያዝኩትን ጥዬ ወጣሁ» አሉ።

ቤቱን የጠገነው ኮንትራክተር ጌትነት ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ የብርቱካን ጁስ አንጠልጥሎ መጣ። «የት ሆስፒታል ተኙ?»

ምሥራቅ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማንም ለማንም ጀርባውን አልሰጠም። ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«ጋሼ ሲላስ ተገድለዋል» አለች። «ሰሌዳው ቅዳሜ ሊመረቅ ነው። የጥንቱን የኦክ ዛፍ ግንድ እንዲያድን የተቀጠረው ሰው ግን አውጥቶ ጥሎታል፤ በምትኩ ጥድ ቀለም ቀብቶ ገጠመ። ጋሼ ሲላስ አንዱን ፈልቅቀው ደረሱበት።»

«ግንዱን ማንም ሊቀይረው ይችላል» አለ ጌትነት።

«ይሁን። እትዬ፣ በማለዳ ‹ታመዋል፣ ኑ› ሲባሉ ምን ገባዎት?»

«ምን ይገባኛል? መርዶ ነዋ። ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

«ሁለቱ ጥቁር ለብሰው መጡ። አንተ ጁስ ገዛህ። ገና አዲስ አበባ ሳለህ ስንት ‹ታሟል› ሰምተሃል፣ ጌትነት? የማታውቅ ለመምሰል ስትደክም ሁሉም የሚያውቀውን ረሳህ።»

«በጁስ ሰው ይታሰራል?»

«በጁስ አይታሰርም። ሁሌ ሰሌዳው አጠገብ ፓርክ የምታደርገውን ፒክአፕ ዛሬ ከመንገድ ማዶ አቆምከው። ባልደረባዬ ቁራጩን ከፒክአፑ ጭነት ሸራ ሥር አየው። ደም አለበት።»

ጌትነት ጁሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እስከ ቅዳሜ ዝም ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው» አለ፤ ድምፁ ባዶ ነበር። ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት።

እትዬ እታለማሁ ድንገት ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘነበወርቅ! የጋሼ ሲላስ ባለቤት ከኤርፖርት ሥራ የምትወጣበት ሰዓት ነው። አልሰማችም።»

«በየቀኑ የማመጣት እኔ ነኝ» አለች ሐዊ። የቫኑን ቁልፍ አነሳች። «እቤት ሰው ሰብስቡልኝ።»

«መንገድ ላይ ብትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?» አለች ምሥራቅ።

ሐዊ ጥቁር ሻሿን ፈትታ ኪሷ ከተተች።

«ታመዋል።»

ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።