በኩሊዎች ገደል

የመርዳሳ ሬሳ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ በስተኋላ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ የሞቱ ኩሊዎች በተቀበሩበት ገደል ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ገደል በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ሰው በስሙ ሲጠራ ይሰማል ይባላል። ስለዚህ ሕዝቡ አፋፉ ላይ ሲንጫጫ፣ የወረደው የዘበኞቹ አለቃ ባሻ መርጋ ብቻ ነበር። ባሻ ፍርሃት አያውቅም የሚሉ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሕዝብ የጠቆመውን ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ነበር፤ ሰውየው ከተሰቀለ በኋላ ንጹሕ መሆኑ ታወቀ። ያ ሰው እስከ ዛሬ እህል በቀረበ ቁጥር ባሻ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ባሻ ተንበረከከ። ከመርዳሳ ጆሮ ግንድ የፈሰሰው ደም አንገቱን አቋርጦ ደረቱ ላይ ደርቋል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ታስሯል። ባሻ ማተቡን በጣቱ አንስቶ ከሥሩ አየና መልሶ ተወው።

ሲወጣ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጉተማ፣ በዚያ ሙቀት ነጠላውን እስከ አገጩ ጠቅልሎ ጠበቀው።

«ገዳዩ ሽኩር ነው ባሻ! እህቱን እድርልሃለሁ እያለ ሲያታልለው ከርሞ ገደለው። የወንድሜን ደም ይስጡኝ!»

ሕዝቡ ለአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከሽማግሌዎቹ ጆሮ የደረሰው ሹክሹክታ ሁሉ ከወሎ የመጣውን ጨው ነጋዴ፣ ሽኩርን ይጠራል። ቀትር ላይ ዳኛው ለባለ ደሙ ለጉተማ ሊሰጡት ነው።

ባሻ የታሰረውን ሽኩርን ለብቻው አነጋገረው።

«ትናንት ከመርዳሳ ጋር ነበርክ?»

«ነበርኩ ባሻ። በሰላም ነው የተለያየነው። ‹ለወንድሜ ልንገረው› ብሎኝ ሄደ።»

«ምኑን?»

«እሱን ፋዲላን ይጠይቋት። እኔ ሟች አላሳጣም።»

ባሻ ተናደደ። አንገቱ ላይ ገመድ ሊገባ የሰው ምስጢር የሚጠብቅ ሞኝ! ግን ወደደው።

የሽኩር እህት ፋዲላ እንባዋን ዋጥ አድርጋ መለሰች።

«ቅዳሜ እኛ ቤት ሰልሟል። ማተቡን በገዛ እጁ በጠሰው፤ ሸኽ መሐመድዘይን ምስክር ናቸው።»

«ከዚያ ወዲህ አስሮ አይተሽዋል?»

«እንዴት ተደርጎ! ትናንት ከሽኩር ጋር ሲወጣም አንገቱ ባዶ ነበር።»

ቀትር ሲደርስ ባሻ ሕዝቡ መሐል ቆመ።

«መርዳሳ ሰልሞ ነበር፤ ሸኹ መስክረዋል» አለ። ሜዳው አጉረመረመ። «ሬሳው ግን ማተብ አለው። ደሙ እርጥብ ሳለ ታስሮ ቢሆን ይነክረው ነበር። ማተቡን ግን ደም አልነካውም፤ የደረቀው ደም ከሥሩ ነው። ያሰረለት ሰው እንግዲህ ደሙ እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀምጧል።»

«ሽኩር ይሆናላ!» አለ ጉተማ።

«ሽኩር ያሰለመውን ሰው ማተብ ያስርለታል? ይኼን ያደረገው ያለ ማተብ እንዳይቀበር የሳሳለት ሰው ነው። ማተቡ ደግሞ ዓመታት ላብ የጠጣ፣ ከሌላ ሰው አንገት የወጣ ነው። ጉተማ፣ ነጠላህን ዝቅ አድርገው።»

ጉተማ ቆይቶ ቆይቶ ዝቅ አደረገው። በፀሐይ በጠቆረው አንገቱ ዙሪያ አንድ ቀጭን ፈዛዛ መስመር ብቻ ነበር።

«አልሰማ አለኝ» አለ። «ገፋሁት፤ ድንጋይ መታው። ተነስቶ ተቀመጠና በስሜ ጠራኝ፤ ከዚያ ነፍሱ ወጣ። ወንድሜ እኮ ነው ባሻ፤ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት። ባዶ አንገቱን ልተወው አልቻልኩም። አሁንም ይጠራኛል፤ እናንተ አትሰሙም?»

ባሻ የሽኩርን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ።

ዳኛው እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጠው ወደነበሩት ወደ ወንድማማቾቹ እናት፣ ወደ ቡዜ ዞሩ።

«እናቴ፣ ከእንግዲህ ባለ ደሟ እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

«ያ ኢልማ ኮ» አሉ ቡዜ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። የትኛውን እንደጠሩ የገባው ሰው አልነበረም። ጉተማ ሮጦ እግራቸው ላይ ወደቀ። እጃቸውን ወደ ራሱ ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት።

«አትግደሉብኝ» አሉ ዳኛውን። «ወደ ቤቴም አትመልሱብኝ።»