ያልተደገመው ቋጠሮ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ የካርቱም ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ በመተማ ድንበር ይጎርፍ ነበር፤ በቆላው ካሉት አነስተኛ ሐኪም ቤቶች በአንደኛው ግቢም፣ ጥላ ያለው ስፍራ ሁሉ በሰው ተሞልቶ ነበር።

ከስደተኞቹ አንዷ ሲስተር ሐሚዳ ነበሩ፤ መተማ ተወልደው ሃያ ሁለት ዓመት በካርቱም የቀዶ ሕክምና ነርስ ሆነው ያገለገሉ፤ የምስክር ወረቀታቸው ከቤታቸው ጋር ስለ ተቃጠለ ግን በዚህ ሐኪም ቤት የተፈቀደላቸው መሣሪያ ማቀበልና በሽተኛ መጠበቅ ብቻ ነበር።

በዚያ ሰሞን ወጣቱ ሐኪም ዶክተር አንዱዓለም፣ ውባንች ከምትባል የኮኪት ቀበሌ ሰሊጥ ገበሬ አንገት እንቅርት በቀዶ ሕክምና አወጣ፤ ወደ እንቅርቱ የሚወርደውን ትልቁን የደም ሥር በአንድ ክር ቋጥሮ መስፋት ሲጀምር፣ ሐሚዳ ቀስ ብለው፦

«ዶክተር፣ ቋጠሮውን ይድገሙት፤ ሳምባዋንም ነፋ ያድርጉላት፤ የተሸሸገ ደም ካለ ያን ጊዜ ይታያል» አሉ።

«አንቺ መቀስ አቀብዪ፤ ትምህርቱን ተይው!» አላቸው፤ ከጎንደር የመጡ እንግዶች ይጠብቁት ነበርና ቸኩሏል።

ከሦስት ሰዓት በኋላ የውባንች አንገት አበጠ፤ ትንፋሿም ታፈነ። አንዱዓለም ሮጦ ሲደርስ፣ ሐሚዳ ስፌቱን በመቀስ ፈትተው፣ የረጋውን ደም አውጥተው፣ የሚፈሰውን በጣታቸው ጫን አድርገው ይዘዋል። እርሱም የደም ሥሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

በማግስቱ የሐኪም ቤቱ ጉባኤ ተቀመጠ። ሐኪሙ ስለ ንቃቱ ተመሰገነ፤ ሐሚዳ ግን «ያለ ፈቃድ ቁስል ከፍተዋል» ተብለው ተሰናበቱ። አንዱዓለም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን እፍረቱ አላስቀምጠው ብሎ ስደተኞቹ ካረፉበት ድንኳን ሄደ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ» አላቸው።

«ወላሂ፣ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት፤ «ዝም ያልኸው ግን እዚህ አይደለም፤ እዚያው ሂድና ተናገር።»

ተመልሶ ጥፋቱን ለጉባኤው በደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም፤ ሐሚዳም በጭነት መኪና ወደ መጠለያ ጣቢያ ሄዱ።

የሐኪም ቤቱ የዚያ ዓመት ዘገባ ድንበር የተሻገረውን ሕዝብ በቁጥር አስፍሯል፤ የውባንችንም ሕክምና «በሐኪሙ ንቃት የተሳካ» ይለዋል። አንዱዓለም እውነቱን ለራሷ ለውባንች ነግሯት ነበር፤ እርሷ ግን ትሕትናው መስሏት፣ ባገኘችው ቁጥር ቆማ ትመርቀዋለች፤ እርሱም አሜን ማለት ያቅተዋል።