ያልሟሟው ስኳር

መምህር ረታ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ጉንዳኖች በከንፈሩ እየገቡ ነጭ ፍሬ ተሸክመው ይወጣሉ። መርማሪ አኬሎ ጎንበስ ብላ አፉን በባትሪ አየችና ፊቷ ተጨማደደ።

ቦታው ጋምቤላ ከተማ መሃል ያለ የግል ክሊኒክ የምክር ክፍል ነው። ‹ዛሬ እሞታለሁ› የሚል ስጋት እንቅልፍ የነሳቸው የስኳር ሕመምተኞች ከአማካሪ ጋር እየተነጋገሩ ፍርሃታቸውን የሚያቀሉበት ነው።

«መርፌዋ ነው የገደለው!» የሟች ሚስት ወርቅነሽ ወደ ነርሷ ወደ ኛዱዋል አመለከተች። «ጠዋት ወጋችው፣ ረፋዱ ላይ ሞተ።»

ኛዱዋል እጇ በካቴና ታስሯል። «የኢንሱሊኑን ልክ አልሳትኩም። ‹ቁርስ በልተዋል?› አልኳቸው። ‹አዎ› አሉኝ።»

«መምህር በልተው ነበር?» አኬሎ ወርቅነሽን ጠየቀቻት።

ወርቅነሽ አቀረቀረች። «ፍልሰታ ነው። የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ ‹ታማሚ ነህ፣ ብላ› ብለውት ነበር። እምቢ አለ።»

«ምክሩስ ጠቅሟቸዋል?»

«በጣም እንጂ! በቀን ሃያ ጊዜ ጣቱን እየወጋ ስኳሩን ይለካ የነበረው ሰው ወደ አራት ጊዜ ወርዶ ነበር።»

አማካሪው ዘርአብሩክ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ከጤና ቢሮ የመጡ እንግዶች ነበሩኝ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት፤ ወዲያው ስኳር አጎረስኩት።»

«ለክተውት ነበር?»

«መለኪያውን ፍርሃቱን መታገስ እንዲለምድ ብዬ ከሰኞ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉ ከእኔ እጅ አልወጣም።»

«እስቲ ይክፈቱልኝ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳው ከተነሳ ወዲህ፣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ከመዝገቡ ጋር አስተያይተናል፤ ልክ ነው። ረታ ሳይበላ ስለመጣ ስኳሩ ወረደ። በጊዜው ቢደረስለት አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ይመልሰው ነበር።» መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አንቱታውን ተወች። «ከሰኞ ጀምሮ ተቆልፏል ያልከው መለኪያ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሰላሳ አንድ ብሎ መዝግቧል፤ ከሰባ በታች አደጋ ነው። የለካኸው አንተ ነህ።»

«ፍርሃት መስሎኝ…»

«እስክትለካ ድረስ ይሁን። ከለካህ በኋላ ግን አውቀሃል። እንግዶቹን ደውዬ ጠየቅኋቸው፤ ‹ከፍርሃቱ የዳነ ሰው አሳያችኋለሁ› ብለህ ነው የጠራሃቸው። ነርስ ብትጠራ እነሱ ፊት ልታፍር ነው። ስለዚህ በሩን ዘግተህበት ሄድክ።»

«ስኳር ሰጥቼዋለሁ!»

«ለሬሳ! በሕይወት ያለ ሰው ምራቅ ስኳር ያሟሟል። ይኼ እንደ ደረቅ አሸዋ ምላሱ ላይ ተቆልሎ ነበር። ሰው ገድለህ አፉን አጣፈጥክ።»

«አንድ ሰዓት ይታገሳል ብዬ ነው…» አለ ዘርአብሩክ።

ወርቅነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች፤ ከውጭ ስታስመልስ ተሰማ። አኬሎ መለኪያውን የነካ እጇን በመሐረብ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

የኛዱዋል ካቴና ተፈታ። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም።

«ሌሎቹ የምታማክራቸው ዘጠኝ ታማሚዎችስ?» አለችው ዘርአብሩክን። «እነሱንም ‹ሲያንቀጠቅጣችሁ አትለኩ፣ ስኳር አትቅመሱ› ብለሃል?»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኳን አወጣች።

«እማማ ቤርሳቤ? ነርሷ ኛዱዋል ነኝ። እንዴት ነዎት? … ላብ? ከመቼ ጀምሮ? … ፍርሃት አይደለም፣ እማማ። ስኳሩን ያንሱና ይቅመሱ። አሁን። እስኪውጡት ድረስ ስልኩን አልዘጋም።»